እምቢ ስንላቸው ስለሄዱት ሽማግሌዎች ለሃንስፎርድ ከንቲባ የቀረበ አቤቱታ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኖቬምበር 2013

ለክቡር ሚስተር ላይል ብራንት
በአዮዋ ግዛት የሃንስፎርድ ከተማ ከንቲባ፣ የትራክተር መለዋወጫ ነጋዴ፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አለቃ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ ለላሞችዎና ዓይን እስኪታክት ድረስ ለተዘረጋው በቆሎዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ትህትና ጥላን እዚሁ ቅርብ ሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኛዋ ዘንድ ከገባች ወዲህ ስደውልላት አታነሳም፣ ቴክስት ሳደርግላት «ኦኬ» ብቻ ትላለች፤ ባለቤቴ የሻሽወርቅም የምታናግረኝ ጨው አቀብለኝ ለማለት ብቻ ነው፤ ከዚህ በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ክቡርነትዎ በማያነቡት በአማርኛ፣ ሃንስፎርድ በማይደርስ የማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ የምጽፈው በንቀት አይደለም። የሴት ልጅ አባት የመለሳቸውን ሽማግሌዎች እንደገና መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ልጁን ገበያ እንዳወጣት ይቆጠርበታል። ስለዚህ እኔ እየጠራሁዎት አይደለም። እየከሰስኩዎት ነው፤ መክሰስ ደግሞ ለማንም አልተከለከለም።

ለማያውቁ አንባቢያን ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሪክ የሚባል የሃንስፎርድ ተወላጅ፣ የድልድይ መሐንዲስ፣ አርሊንግተን ሥራ ይዞ ሳለ ከልጄ ጋር ተዋወቀ። ትህትና እዚሁ ተወልዳ ያደገች ፋርማሲስት ናት። ልጁ ሊያገባት እንደሚፈልግ ሲነግራት፣ በእኛ ወግ ሽማግሌ እንደሚላክ አስረዳችው። እሱም ሳይውል ሳያድር ለከተማው ተናገረ፤ ከተማውም ስብሰባ ጠራ። አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ በእሳት አደጋ ጣቢያ ተሰብስቦ የእኔን ልጅ ማን ሄዶ ይጠይቅ ብሎ እጅ እያወጣ ድምፅ መስጠቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ለካ መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ይኸው ክሶቼ፦

አንደኛ፤ ወጉን አበላሽተው ቢመጡ ኖሮ ሁላችንም በተገላገልን ነበር። ክቡርነትዎ ግን ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተክርስቲያናችሁ ሴት ቄስና ኤሪክን ሒሳብ ካስተማሩት አዛውንት ጋር ያን ሁሉ አገር በፒካፕ አቋርጠው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ጆንያ የበቆሎ እሸት ተሸክመው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ግቡ ስንላችሁ ገባችሁ፤ ተቀመጡ ስንላችሁ ግን የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አላችሁ። ከእኛው ሰዎች መካከል እንኳ ይህችን ቃል እንዲህ አሳምሮ የሚናገራት ከጠፋ ቆይቷል። አስተማሪው ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ አልቀመጥም ሲሉ፣ በዘመድ ወገን አጠገቤ የተሰየመው የአጎቴ ልጅ አሥራት ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሥራት ለቅሶ ቤት እንኳ እንባ የማይወጣው ሰው ነው።

ሁለተኛ፤ ሄዱ። ዋናው ክሴ ይህ ነው።

እኔ ወግ የማውቅ ሰው በመሆኔ፣ ልጃችን ገና ሕፃን ናት፣ ትምህርቷንም አልጨረሰችም፣ የምንሰጠው ልጅ የለንም ብዬ መለስኩ። ልጅቷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያን ጊዜ ፎቅ ላይ ሆና ታዳምጥ ነበር። ይህ መልስ መልስ እንዳልሆነ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ይለምናል፣ አባት ያንገራግራል፤ ሽማግሌው ስለ እመብርሃን ይላል፣ አባት ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ከዚያ ገበታ ይቀርባል። እኔ የሻሽወርቅን ሳስጠይቅ አባቷ ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ መልሰዋል፤ እስከ ዛሬ በዚያ ትኮራለች። አባቷ በአንድ ቀን እሺ ብሎ የሰጣት ልጅ ምን ብላ ትኮራለች? ክቡርነትዎ ግን ባርኔጣዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ውሳኔዎን እናከብራለን፣ ስላስቸገርንዎ ይቅርታ ብለው፣ እጄን ጨብጠው ወጡ። እኔ ቀጠሮ ልሰጥ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነበር። ጠርጌ ስጨርስ ፒካፑ መታጠፊያው ላይ ደርሷል። የሻሽወርቅ ዶሮውን በሰፌድ ሸፍና ከወጥ ቤት ብቅ ስትል ሳሎኑ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ አሥራትና አንድ ጆንያ በቆሎ ነን።

ለመሆኑ ሰው እምቢ ሲባል ዝም ብሎ ይሄዳል? እሺ ይበልጣል ከሺ የሚባለውን ተረት እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይሠራል ያለ የለም። ትህትና ለምን አላስጠነቀቀቻቸውም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እሷም አታውቅም ነበር። ሽማግሌ እንደሚላክ ነገርናት እንጂ አባት እምቢ እንደሚል አልነገርናትም፤ ለእኛ ከመተንፈስ እኩል የታወቀ ስለሆነ የሚነገር ነገር አልመሰለንም። ከፎቅ ስትወርድ ፊቷን አየሁት። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። እኔ ስለ ወጉ ማስረዳት ስጀምር የሻሽወርቅ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ በጨው ብቻ የምንገናኘው።

ሦስተኛውን ክስ ባለቤቴ አንብባ በእርሳስ ሰርዛዋለች።

አራተኛ፤ ቂም አልያዙም። ቂም የያዘ ሰው መልካም ሰው ነው፤ በዘመድ፣ በንስሐ አባት ይታረቃል፣ በእርቁ ላይም የልጅ ነገር ሊነሳ ይችላል። የሃንስፎርድ ሕዝብ ግን በዚህ ፈንታ ጃም ላከብኝ። የእንጆሪ፣ የፖም፣ ስሙን የማላውቀው የአንድ ሐምራዊ ፍሬ ጃም፣ ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ ከሚል ካርድ ጋር። የካርዱ ፊትና ጀርባ ሞልቶ የከተማው ሰው ጠርዙን ዞሮ ፈርሟል። ክቡር ከንቲባ፣ ከልቡ ከሚያከብረው ጋር ሰው በምን ይጣላል?

አምስተኛው ክሴ ስለ ከተማዎ ጠባይ ነው። በኦክቶበር ወር ኦሃዮ ክርስትና ተጠርተናል ብዬ አሥራትን ይዤ ከቤት ወጣሁ። ኦሃዮ ስንደርስ መንገዱ ጥሩ ስለነበረ ቀጠልን። የኢንዲያናና የኢሊኖይ መንገድም ጥሩ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን በአጋጣሚ ሃንስፎርድ ደረስን።

ከተማዎ አንድ የትራፊክ መብራት አላት፤ እሱም ቢጫውን ብቻ ብልጭ ድርግም እያደረገ ሰውን ይመክራል እንጂ አያስቆምም። የውሃ ማማዋ ላይ ስሟ በትልቁ ተጽፏል፤ ከእህል ጎተራውና ከአንዲቱ ጎዳና በቀር ሌላ ነገር ስለሌለ ሰው የት እንደደረሰ እንዳይጠራጠር ይሆናል። በመንገድ ላይ የሚመጣ መኪና ሁሉ መሪውን እንደያዘ አንድ ጣት ያነሳልናል። እኛ ዋሽንግተንን የሚዞረው የቤልትዌይ መንገድ ሰዎች ነን፤ ከመኪና ውስጥ ጣት ሲነሳብን የምናውቀው ለሌላ ጉዳይ ነው። አሥራት መስኮቱን ዘግቶ በሩን ቆለፈ። ሰላምታ መሆኑን የነገሩን ካፌው ውስጥ ነው። በከተማው ሁሉ የተቆለፈው የእኛ መኪና በር ብቻ እንደነበረም ነገሩን፤ ለዚህም ይቅርታ ጠየቁን።

ካፌው ውስጥ የከተማው ወንዶች ከማለዳ ጀምሮ ተሰብስበው ስለ ዝናብ ይነጋገራሉ። ሲጨርሱ እንደገና ይጀምራሉ። ያን ቀን ግን ቶሎ ተነሱ፤ ለካ አስተማሪው ጉልበታቸውን ኦፐሬሽን ተደርገው ተኝተዋል፣ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ማጨጃ መኪና ይዞ የእሳቸውን በቆሎ ሊያጭድ ወጥቷል። ይህ መረዳዳታቸው ስም የለውም፣ ሊቀመንበር የለውም፣ ቃለ ጉባኤም የለውም። እኔ እዚህ በእድራችን ሥራ አስፈጻሚ ነኝ፤ የእኛ እድር የሚሠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ የእናንተው በሕይወት ላለ ሰው ይሠራል። ይህን ማየት በጣም አሳፈረኝ፤ አሥራትን ግን አንድ ነገር እንኳ አልነገርኩትም።

ስለ ዋናው ጉዳይ ግን ከተማው ሁሉ አፉን ያዘ። እኔማ በር ከፍቼላቸው ነበር። ልጅ አለችኝ አልኩ። እናውቃለን፣ ጥሩ ልጅ ናት ብለው ፓይ የሚሉትን የፍሬ ኬክ ጨመሩልኝ። እስካሁን አላገባችም አልኩ። ሌላ ፓይ ጨመሩልኝ። ክቡርነትዎም ቤትዎ አሳድረውኝ፣ የሚበላ አቅርበው፣ ባለቤትዎ የሰፉትን ብርድ ልብስ አልብሰውኝ፣ እስኪነጋ ድረስ ስለ ልጄ አንዲት ቃል አልወጣዎትም። የእርስዎ ጨዋነት እንቅልፍ ነሳኝ።

ስድስተኛ፤ ኤሪክ። ጠዋት ስንወጣ ከከተማው ውጭ ባለች ትንሽ ድልድይ ላይ ሠራተኞች ቆመው አየን። አንደኛው እሱ ነው። ልጄ በምትመላለስበት መንገድ መመላለስ ስላቃተው የአርሊንግተን ሥራውን ትቶ አገሩ ገብቷል። ሄልሜቱን አውልቆ ወደ መኪናዬ መጣ። ከስቷል። የትህትናን ጤና ጠየቀኝ፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ሲያትል ሥራ ይዛ ልትሄድ መሆኑን ከእኔ ሰማ፤ ከዚያም እንዲህ አለኝ፦

«እኔ በአባትሽ ቃል ላይ ተረማምጄ አልወስድሽም ብያታለሁ። ቃልዎን አከብራለሁ።»

በዚያች ደቂቃ፣ የኔ ልጅ፣ ያ እምቢታ እኮ እምቢታ አልነበረም ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። አፌን ስከፍት አሥራት ከታች እግሬን ረገጠኝ። የሴት አባት አይጠራም። ስለዚህ ድልድዩ ጥሩ እንደሚመስል ነግሬው መኪናዬን አስነሳሁ።  ክቡር ሆይ፣ ወግ አክባሪ ነህ ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ሲያትል ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይልቅ እጅግ ይርቃል።

እንግዲህ ክሴን በዚህ ፈጽሜ ለሕዝብ ጠቅላላ ዕውቀት የሚሆኑ አንዳንድ ነገሮችን ባስታውቅ ከልመና እንዳይቆጠርብኝ። ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣም፤ የሚያፈስ ቧንቧ አለብኝ። የሻሽወርቅ ለዚያ ቀን ዶሮ አዛለች፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም ጨው እስካልፈለገች አትነግረኝም። የእንግዳ ፓርኪንግ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ስፋቱ በአጋጣሚ ለፒካፕ ይበቃል። ደጃፌ ላይ መጥቶ የሚቆምን ሰው የሚከለክል ሕግ በቨርጂኒያ የለም። ጉልበታቸውን የታመሙ ሰው ቢኖሩ ከነወንበራቸው ቢቆሙ ወጉ እንደማይፈርስ አሥራት ራሱ መስክሯል።

በተረፈ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ ሽማግሌም እምቢ ይባላል። ይህ የታወቀ ይሁን። ሁለተኛው እምቢታ አጭር ነው። በዚያን ጊዜ ማንም ሰው ባርኔጣውን እንዳይነካ፣ ማንም ሰው እጄን እንዳይጨብጥ፣ በተለይም ማንም ሰው ውሳኔዬን እንዳያከብር በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።

የክቡርነትዎን ጨዋነት መሸከም ያቃተው፣ ጃምዎን ግን እየበላ ያለ፣ ከሳሽዎ

ሠረቀብርሃን ወልደአምላክ
የትህትና አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጋዜጣው ከመሰጠቱ በፊት የሻሽወርቅ ረቂቁን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለትህትና ልካላታለች። ልጄ አማርኛ የምታነበው ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ስለሆነ ሌሊቱን ፈጅቶባታል አሉ። ጠዋት ለክቡርነትዎና ለኤሪክ በእንግሊዝኛ ተርጉማ ልካለች፤ ትርጉሙን እናቷ አሳየችኝ። «አባቴ ተመለሱ ይላል» የምትል አንዲት መስመር ናት። እንዲህ የሚል ቃል ከላይ የትም አለመጻፌን አንባቢ ይፍረደኝ። ክሶቼን በሙሉ ያስቀረ ትርጉም በመሆኑ በጥብቅ እቃወመዋለሁ፤ እንዲታረም ግን አልጠይቅም።