ልራመድበት ነው የተተካልኝ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ለሰላሁን፣

የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የሥራ ባልደረባህ ሁመድ ነገ ጠዋት ወደ ሥራችሁ እንደሚመለስ ደውሎ ነገረኝ። እናትህ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ እኔ ደግሞ ደብዳቤ እንደምልክ ስነግረው "ምነው፣ ስልክሽ ተበላሸ?" ብሎ ሳቀብኝ። ስልኬ ደህና ነው። ግን ስትደውል "እግርሽስ?" ትለኛለህ፣ እኔ "ደህና ነው" እልሃለሁ፣ ከዚያ ስልኩን ለኑኃሚን እሰጣታለሁ። ከሄድክ ዓመት ከመንፈቅ ሆነህ፤ ስለ እግሬ የነገርኩህ ግን ይቺኑ ብቻ ነው። ዛሬ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ።

አስቀድሜ የልጅህን ልንገርህ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። "ሰ" ስትል ታፏጫለች፤ ስምህን ስትጠራማ በጣም ነው የሚያስቀው። ሒሳብ ትወዳለች፤ እጅ ጽሑፏ ግን ያንተው ነው፣ እሷ ራሷም አታነበውም።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ሐኪሞቹ የዳሌዬ አጥንት ደም አጥቶ መሞቱን ሲነግሩን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሙሉ ዕድሜዬን ሜዳ ላይ የኖርኩ የስፖርት መምህርት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ ግድግዳ ስይዝ አይተኸኛል። ቀዶ ሕክምናው አልቆ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ሲተካልኝ አልጋችንን በብሎኬት ከፍ ያደረግከው አንተ ነህ። ዝቅ ብዬ እንዳልቀመጥ ያሉንን በርጩማዎች ሁሉ ለጎረቤት ሰጠህ። ጠዋት ጠዋት ተንበርክከህ ካልሲዬን ታጠልቅልኝ ነበር። ይህን ረስታዋለች ብለህ እንዳታስብ።

ከዚያ እኔ ዳንሁ። አንተ ግን ማስታመሙን አልተውክም። ወንበር ሳነሳ ከእጄ ትወስዳለህ፤ ደረጃ ስወርድ ከፊቴ ትቀድማለህ፤ ዘንቢል ይዤ ከገበያ ስመለስ ፊትህ ይጠቁራል። ሳትነግረኝ ትምህርት ቤት ሄደህ ጋሽ አዱኛን "ባለቤቴን ከሜዳ ያውጡልኝ" ማለትህን የሰማሁት፣ ቤተ መጻሕፍት ተመድቤ አንድ ዓመት የመጻሕፍት አቧራ ሳራግፍ ከቆየሁ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ጭቅጭቃችንን ታስታውሰዋለህ። "ዶክተሩ የተተካው ዳሌ አንድ ቀን እንደሚያረጅ ነግሮናል፤ ከቆጠብሽው ይቆይልሻል" አልከኝ። እኔም "ልራመድበት እንጂ ላስቀምጠው አልተተካልኝም" አልኩህ። በሳምንቱ የሰመራውን የመንገድ ሥራ ተቀበልክ። አንተ ቀያሽ ነህ፣ ሥራ ባለበት ትሄዳለህ፤ ለሰው እንዲህ እያልኩ ነው የምናገረው።

በዚያው መስከረም አዲሱ የስፖርት መምህር ሥራ ለቀቀ። ቀጥታ ጋሽ አዱኛ ቢሮ ገባሁ።

"ልጄ፣ ባለቤትሽ እዚህ ድረስ መጥቶ ለምኖኛል" አሉኝ። ርዕሰ መምህር ቢሆኑም ሲጨንቃቸው መነጽራቸውን እያወለቁ ይጠርጋሉ። "ብትወድቂ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?"

"ለእሱ እኔ እመልስለታለሁ። እርስዎ ለልጆቹ ይመልሱላቸው። የስፖርት ክፍለ ጊዜያቸውን አጥር ጥግ ተቀምጠው እኮ ነው የሚያሳልፉት።"

ለሙከራ ብለው ሰባተኛ ክፍልን ሰጡኝ። የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ስወጣ አንዱ ረጅም ልጅ ከኋላ "ቲቸር፣ እግርሽ ውስጥ ብረት አለ የሚሉት እውነት ነው?" አለኝ።

"እውነት ነው። አንተስ ብረት የለብህ፣ እስካሁን ያልተሰለፍከው ለምንድነው?" አልኩት። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም።

አልሮጥም፤ አልዘልም። ዶክተሩ የከለከለኝን አልሠራም። ዝላዩን ከሚችሉት ልጆች አንዱ ያሳያል፣ እኔ ጎኑ ቆሜ አርማለሁ። የፈቀደልኝን ግን አንዱንም አልተውኩም። መዋኘት አልችልም ነበር፤ ተማርኩ። በእግሬ ሰንጋ ተራ እናትህ ዘንድ ሄጄ እመለሳለሁ። ደግሞም ብስክሌት ገዛሁ።

አዎ፣ ብስክሌት። አሁን ይህን ስታነብ ምን እንደምትመስል ይታየኛል። በሜክሲኮ በኩል አዲስ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ እሑድ ጠዋት ኑኃሚንን በትንሿ ብስክሌት ከፊቴ አድርጌ እንነዳለን። እናትህ በመጀመሪያው ቀን ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፤ በሦስተኛው ሳምንት "ቀስ ብለሽ፣ ያቺ ልጅ ትቀድምሽ" ማለት ጀመረች።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። ሰላሁን፣ የፈራኸው ነገር ደርሶ ነበር።

ሐምሌ ላይ ነው። ካፊያ ነበረ፣ ብቻዬን ከሜክሲኮ ወደ ቤት እየወረድኩ። ፊት ለፊቴ የቆመ ሚኒባስ በሩ ድንገት ሲከፈት ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማው አንሸራቶ በቀኝ ጎኔ፣ በዚያው በተተካው፣ ጣለኝ። ሰው ተሰበሰበ። ሊያነሱኝ ሲሉ "እግሬን እንዳትነኩት" ብዬ ጮህኩ። አስፋልቱ ላይ ተኝቼ ጣቶቼን ለማንቀሳቀስ እንኳ ፈራሁ። ቢንቀሳቀሱስ? ባይንቀሳቀሱስ? ሁለቱንም ማወቅ አልፈለግኩም። በዚያች ሰዓት ነው ያንተን ፍርሃት ያየሁት። ደረጃ በወረድኩ ቁጥር አንተ እንዲህ ሆነህ ነበር ለካ። እኔ ለጥቂት ደቂቃ ያልቻልኩትን አንተ ይዘኸው ትውል ነበር።

እናትህን ደውዬ ጠራኋት፤ ሐኪም ቤት አብራኝ ዋለች። ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሩ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው፣ ከዚያ ዞር ብሎ "ቦታው ላይ ነው፤ ቅንጣት አልተነቃነቀም። የተላጠው ክንድሽ ነው" አለኝ።

"ብስክሌቱን ልተወው?" አልኩት።

"በዝናብ አትንጂ። ከዚያ ውጭ የምትተዪበት ምክንያት አይታየኝም። ጡንቻሽን እኮ ያጠነከረልሽ እሱ ነው።"

ስንወጣ እናትህ እጄን ያዘችና "እኔ ለልጄ አልነግርም። አንቺ ግን ትነግሪዋለሽ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ይኸው እስከ ጥር አዘገየሁት፤ ብነግርህ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ነው። ፈርተህ እንድትመጣ አልፈለግኩም።

ክረምቱ ሲያልፍ እንደገና ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን እግሬ ሳይሆን እጄ ነበር ያስቸገረኝ፤ መሪውን በጣም ጨብጬ መዳፌ አበጠ። በሁለተኛው ሳምንት ተወኝ።

ትናንት ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎችን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ሐሳቡም ዝግጅቱም የእኔ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን በእግር፣ ዳገቱን ዳገቱን። ኑኃሚንም ነበረች። ጋሽ አዱኛ "አብሬሽ ልሁን፣ ብትደክሚ እንድደግፍሽ" ብለው መጡ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው "አንቺ ልጅ፣ ቆይ እስቲ፣ ሰው አይደለሁም?" ሲሉኝ ተማሪዎቹ ሳቁ። ውሃ አጠጥቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ላይ ስንደርስ ባሕር ዛፉ መሐል ቆመው ከተማውን ብዙ ሳያዩ እኔን አዩኝ። "ያን ጊዜ ባለቤትሽን መስማት አልነበረብኝም" አሉ። "እርስዎም እሱም ለእኔ ብላችሁ ነው" አልኳቸው።

እና አንድ ነገር ልጨምር። ስንመለስ ኑኃሚን ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ልቀሰቅሳት ስል እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ታውቃለህ፣ ሕመሙ ሲጀምረኝ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያዘሏት አንተና እናትህ ናችሁ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አደረግኳትና አራተኛ ፎቃችን ድረስ ደረጃውን ወጣሁ። ከባድ ናት። በየፎቁ ቆሜ ተነፈስኩ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ኢብራሂም አይቶን "ልቀበልሽ እትዬ?" ቢለኝ "የእኔ ናት" አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ ቁልፉን ተቀብሎ ቀድሞኝ ወጣና በር ግን ከፈተልኝ።

ዶክተሩ ያለውን አልረሳሁም። ይህም ዳሌ አንድ ቀን ያረጃል፤ ሃምሳ ሳይሞላኝ እንደገና አልጋ ላይ እተኛ ይሆናል። ያኔም እፈራለሁ። ነገር ግን ተቀምጬበት ከሚያረጅ፣ ዳገት ወጥቼበት፣ ልጅ አዝዬበት ያርጅ። በዚህ ሐሳቤን አልቀይርም፤ አንተም እንድታስቀይረኝ አልፈልግም። ከእኔ ጋር እንድትፈራ ግን እፈቅድልሃለሁ። አብሮ መፍራት ሌላ ነው።

የመንገዱ ሥራ ለፋሲካ እንደሚጠናቀቅ ሁመድ ነገረኝ። ከዚያ ወዴት እንደምትመደብ አልጠየቅኩትም። ምናልባት አዲስ አበባ ብቅ ካልክ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስለምዋኝ ቤት አታገኘኝም፤ ቁልፉ እናትህ ዘንድ አለ። በሌሎቹ ቀኖች አለሁ።

ልደታ ማርያም በዚያ በረሃ ጥላ ትሁንህ። መሣሪያህን ተሸክመህ ከምትውልበት ፀሐይ ትከልልህ፣ ውሃ ከማያልቅበት ታሳድርህ። ኑኃሚን በወላቃ ጥርሷ ስማሃለች።

ባለቤትህ፣
ኮከቤ ገዳ