በማላውቀው ቋንቋ ያነበብኩት

ለውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ያምሻል? ልጆቹስ? ኢየሩሳሌም ፈተናዋን ጨረሰች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያን ቀን በስልክ ስታለቅሺ እኔም ድምፄ አልታዘዝ ስላለኝ በወጉ ሳልነግርሽ ዘጋሁት። አሁን ልቤ ስለተመለሰ ሁሉንም ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ መስማት የምትፈልጊውን ልንገርሽ። ልጄ ማዕዶት ቤቷ ገብታለች። ሕፃኑም አብሯት ገብቷል። ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ሌሊት ሰው አያስተኛም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ከፎቅ ድምፁ ይሰማኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። ማዕዶት ሰባተኛ ወሯ ውስጥ ሳለች አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ አለች። ባሏ ዊልሰን ወዲያው ድራይቭ አድርጎ ሮቢንስዴል ወዳለው ሆስፒታል ወሰዳት። የደም ግፊቷ ከልክ አልፎ ስለነበር አስተኟት፤ በማግስቱ በኦፕሬሽን አዋለዷት። ልጁ ያለ ጊዜው የመጣ ስለሆነ ማሞቂያ ውስጥ ገባ። እሷ ደግሞ ለቀናት ራሷን አታውቅም ነበር። ዊልሰን ከአልጋዋ አጠገብ አልነሳም አለ። ጣሪያ የሚሠራበት ኩባንያ ደጋግሞ ቢደውልለትም ስልኩን አላነሳም።

ትልቋ ልጃቸው ኢያኤል፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ ብሩክሊን ፓርክ ቤታቸው ቀረች። እኔ ከምሠራበት ዌርሃውስ ፈቃድ ወስጄ ከሴንት ፖል መጣሁ። የዊልሰን እናትም ከፊሊፕስ ሰፈር መጡ። ሮሳሪዮ ይባላሉ። ከኢኳዶር ተራራማ አገር የመጡ፣ እንደኔ የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም። ከልጆቹ ሠርግ ጀምሮ በየበዓሉ እንገናኛለን፤ እሳቸው ፈገግ ይላሉ፣ እኔ ጎንበስ እላለሁ፣ በቃ። አሁን ግን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ጨው አቀብሉኝ፣ በሩን ዝጉት በእጅ ምልክት እንባባል ጀመር።

ኢያኤል ቀን ደህና ትውላለች። ራት ከበላች በኋላ ግን እናቷን ትፈልጋለች፣ ምክንያቱም ማዕዶት ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት መጽሐፍ ታነብላታለች። የቤቱ መደርደሪያ በልጆች መጽሐፍ የተሞላ ነው፤ በአንዱ ገጽ እንግሊዝኛ፣ በትይዩው ስፓኒሽ። ዊልሰን ልጄ የአያቶቿን ወግ እንዳትረሳ ብሎ የሚገዛቸው ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀድሞ ሳያቸው ቅር ይለኝ ነበር። የኛስ የት አለ እላለሁ በሆዴ። ለማዕዶት ግን አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ኢያኤል የምትወደው አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ገበያ ስትሄድ የሚያወራውን ነው። አያቲቱ ባርኔጣ አድርጋ፣ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ በቆሎ በጀርባዋ አዝላለች። የመጀመሪያው ዕለት የእንግሊዝኛውን ጎን እኔ አነበብኩላት። የቀረውስ አለች። ማሚ ሁለቱንም ነው የምታነበው፣ ይሄ የአቡዌላ ነው ብላ መጽሐፉን ወስዳ ለሮሳሪዮ ሰጠች። አቡዌላ ማለት በእነሱ ሴት አያት ነው።

ሮሳሪዮ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሥዕሉን እያዩ ማውራት ጀመሩ። ረጅም ወሬ ነው፣ በእጃቸውም ጭምር የሚያወሩት። ልጅቷ ግን የተጻፈውን በቃሏ ይዛዋለችና እንደሱ አይልም ብላ አቋረጠቻቸው። ሴትዮዋ መጽሐፉን ቀስ አድርገው ሶፋው ላይ አስቀመጡና ማዕድ ቤት ገብተው ቧንቧ ከፈቱ። ያን ጊዜ ገባኝ። እናታችን ከቀበሌ ወረቀት በመጣላት ቁጥር መነጽሬን የት ጣልኩት የምትለው ትዝ ይልሻል አይደል? መነጽር እንኳ አልነበራትም።

ኢያኤል ማሚን ነው የምፈልገው እያለች ማልቀስ ጀመረች። እኔም ጨነቀኝ፤ በዚያን ሰዓት ማዕዶት ትትረፍ አትትረፍ ገና አላወቅንም። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ መጽሐፉን አንስቼ የስፓኒሹን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። አንዲት ቃል አላውቅም። ፊደሉን እንደተጻፈ እየጠራሁ ዝም ብዬ ሄድኩ። ለካ እንደ እንግሊዝኛ አያስቸግርም። ልጅቷ ለቅሶዋን ትታ አፍ አፌን ታየኝ ጀመር። ከዚያ ሳቀች። አባባ፣ ጄ አይባልም አለችኝ። ታዲያ ምን ይባላል ብላት መልሱ ከማዕድ ቤት መጣ።

«ኸ» አሉ ሮሳሪዮ፣ ከጉሮሯቸው። እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ በሩ ላይ ቆመዋል። ኸ ብዬ ደገምኩ። እሱማ ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ቀጥሎ ራሷ ላይ ጭረት ያለባት ኤን መጣች፤ እሷ ደግሞ ኝ ሆና ተገኘች። ከእንግሊዝኛ ጋር ሠላሳ ዓመት ስታገል ኝ አንድ ቀን አስፈልጎኝ አያውቅም።

ሮሳሪዮ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። ለኔ ድምፅ ብቻ ነው፤ ለእሳቸው ግን ገበያውና የአያቲቱ ቤት ነው። አንዱ ገጽ ላይ ስደርስ ሳቁ። ሌላው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጠረጉ። ምን ይላል ብዬ ኢያኤልን ብጠይቃት፣ አያትየዋ የተወለደችበትን ቤት ለልጅቷ እያሳየቻት ነው አለችኝ። ጨርሼ ልዘጋው ስል ሮሳሪዮ እጃቸውን ገጹ ላይ አድርገው «ኦትራ ቬስ» አሉ፤ እንደገና ማለታቸው ነው። እንደገና አነበብኩ። ኢያኤል በመካከላችን እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ተራ በተራ አነበብነው። በሙታን መታሰቢያ ቀን በሕፃን ቅርጽ ስለሚጋገር ዳቦ፣ አልጋ ላይ ሆኖ የጥንቱን ስለሚያወራ አያት፣ ሌላም ሌላም። ኢያኤል ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓትም እናነብ ነበር። ስሳሳት ሮሳሪዮ ክንዴን መታ ታደርገኛለች። ቃሉን እስካስተካክል ገጹን አታስገለብጠኝም።

ስልኩ የጠራው አንድ ጠዋት እያነበብን ሳለ ነው፤ እኔና ሮሳሪዮ ብቻ ነበርን። ዊልሰን ነው። መናገር አቅቶት ስልኩን ለነርሷ ሰጣት። ነርሷ ቤዛዊት የምትባል የኛ ልጅ ናት። አባባ፣ ልጅዎ ነቅታለች፣ ግፊቷ ወርዷል፣ ሕፃኑም ያለ መሣሪያ መተንፈስ ጀምሯል አለችኝ በአማርኛ። ሮሳሪዮ ፊቴን ታያለች። እንባዬን ስታይ ክፉ መስሏት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምን ብዬ ልንገራት? የሚያስተረጉም ሰው የለም። ከመጽሐፎቹ የለቀምኳቸውን ቃላት እንደምንም ሰበሰብኩ።

«ኢኻ፣ ቢየን» አልኳት። «ኒኞ፣ ቢየን።» ሴት ልጅ ደህና፣ ሕፃን ደህና።

ትከሻዬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። እኔም እንደ እሷ። ከዚያ እሷ በስፓኒሽ፣ እኔ በአማርኛ ፈጣሪያችንን አመሰገንን።

ሕፃኑ ኢያሱ ተብሏል። በእነሱ ሆሱዌ ነው፣ ያው አንድ ስም ነው። ማዕዶት ቤት በገባች ማግሥት ሳነብ ሰምታኝ ስፌቷን እስኪያማት ሳቀች። አባዬ፣ ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ አለችኝ። ግማሹን አልኳት።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ዛሬ ልጆቹን ልጠይቅ መጥቼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሮሳሪዮ ጋር ፊሊፕስ ካለው ቤተ መጻሕፍት አዲስ መጽሐፍ እንዋሳለን። ኢያኤልም አንዳንዴ አብራን ትመጣለች።

ባለፈው አግባት ብለሽ ስለ ጻፍሽልኝ ሴትዮ፣ አንቺ ካልሽ ጨዋ መሆኗን አልጠራጠርም። ግን በከንቱ ተስፋ እንዳታደርግ፣ ቅር በማይላት መንገድ ንገሪልኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ደግሞ አንድ ነጠላ ላኪልኝ። ለማዕዶት አይደለም፣ እሷ አላት። ጥለቱ ደመቅ ያለ ቀይ ይሁን። ቁመቷ ካንቺ ትንሽ ታጥራለች።

የፈራነውን ያሳለፈልን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ኢያሱንም አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ