የዘንድሮ ፊደል

እታለም፣ ከወረቀቱ ቀድሞ የታናሽሽ ናፍቆት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ የስፌቱ ሥራ ብቻ ፋታ አይሰጥም።

ልጄ ማንበብ ትውደድ ብዬ፣ ልብስ እየሰፋሁ በየመሀሉ ተረት አነብላት ነበር። የዘንድሮ አሳታሚ ግን ቀለም ይሰስታል መሰለኝ፣ ፊደሉ ሁሉ ቅጫም አክሏል! ከራሴ እየፈጠርኩ ቀበሮዋን ስድራት፣ ልጅት «እማዬ፣ እሷማ ቅድም ተበልታለች!» ብላ መጽሐፉን ነጠቀችኝ። አሁን አንባቢዋ እሷ ናት፤ መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝም እሷው። ተረቱ ቢጥመኝ ጊዜ፣ የዘበኛውን ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋሁት። «ሌባውን እየዘለልኩ ላባርረው?» አለኝ።

በይ እንግዲህ፣ በዓይነ ሥጋ ቶሎ ያገናኘን። ይህን የምትጽፍልኝን ልጄን፣ «ቶሎ» የሚለውን ደህና አድርገሽ አስምሪበት ብያታለሁ።