በስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዉ የነበሩት እህታችን

መንደሩ «እትዬ መቀስ» የሚላቸው ልብስ ሰፊዋ እህታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ጡጫቸው ቢፈለቀቅ ቁራጭ ክር ተገኘበት ብላ ታላቅ እህታቸው ታወራለች። ያኔ እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። እጃቸው ከደብተር ይልቅ ጨርቅ ስለወደደ፣ ከገበያው ደረጃ በላይ ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ስፌት ጀመሩ። አንድ ምስጢር ነበራቸው፤ ለደንበኛው ሳይነግሩ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፈው ይተዉለታል። «ሰው ይወፍራል፤ ተናግሬ ለምን ላሳፍረው?» ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. የቧንቧ ሠራተኛውን ባለቤታቸውን አገቡ። ሰውየው አንዲት ሱሪ ለማስጠበብ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሱሪዋ ግን ልካቸው ነበረች፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ለቁም ነገር አበቁ።

በ2003 ዓ.ም. ብርድ ሲነካቸው ጣታቸው እንደ ኖራ ይነጣ ጀመር። ቆይቶ የእጃቸው ቆዳ ተወጠረ፤ ከዚያም ፊታቸው። በታላቅ እህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ጓንት አጥልቀው መጡ፣ ማንንም አልጨበጡም፣ ጥርሳቸውም አልታየም። ታላቅየዋ፣ ያቺ ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት፣ አፏ መቼ ያርፋል! «አዲስ ማሽን ገዝታ ኮራችብን እኮ!» አለች። ወሬው ከደረጃው ታች ሲደርስ «ሰው ትጸየፋለች» ሆነ። ደንበኛ ራቀ። እህትማማቾቹም ሁለት ዓመት ተኳረፉ።

ኋላ ባለቤታቸው የታላቅየዋን በር አንኳኩተው፣ «ሐኪም ቤት አብረሻት ሂጂ፤ እኔን እንባ ይቀድመኛል» አሏት። የቆዳ ሐኪሟም ሁለቱን አስቀምጣ አስረዳች። ሰውነታችን ውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ መልእክት የሚያደርሱ፣ ሳይቶካይን የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ። ሰው ሲቆስል «ኑ ጠግኑ» ብለው ይጣራሉ፤ ሲድን ዝም ይላሉ። የእህታችን ግን ዝም አላሉም። የሰውነታቸው መከላከያ የገዛ አካላቸውን እንደ ጠላት ስለቆጠረ፣ ቁስል በሌለበት ይጣራሉ፤ ጠጋኞቹ ሕዋሳትም የሰሙትን አምነው ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደርባሉ። ቆዳ የሚጠጥረው፣ ፈገግታ የሚጠፋው በዚህ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ኩራትም አይደለም።

ታላቅየዋ ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ አለች። «አንቺ፣ እንግዲያው ውስጥሽ እንደኔ ያለች ወሬኛ ገብታለች በይኛ!»

እህታችን አፋቸው ቢጠብም በዓይናቸው ሳቁ። «አንቺ ትብሻለሽ፤ ለሷስ መድኃኒት አለ አሉ።»

መድኃኒቱ መልእክተኞቹን ጥቂት ጋብ አደረጋቸው። ታላቅየዋም ወሬዋን ልትመልስ ቤት ለቤት ዞረች። ለመዝራት አንድ ከሰዓት በኋላ የበቃው፣ ለመልቀም ዓመት ፈጀ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ዋሽቻለሁ» ስትል፣ ለገዛ እህቷ ግን «ይቅር በይኝ» ማለት አቃታት። ነገ ነገ እያለች ቀረ።

እህታችን «ቆዳዬ ጠበበኝ፤ ስፌት ቢኖረው ተርትሬ አሰፋው ነበር» እያሉ እስከ መጨረሻው ሰፉ። ጠባሳው ሳንባቸው ደርሶ፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ያቺን ወሬኛ ትተው ሄደዋል።

የመጨረሻ ሥራቸው ለታላቅየዋ የሰፉላት ጥቁር ቀሚስ ነው። ዛሬ ጠዋት ለቀብሩ ልትለብሰው ብትል አልገባ አላት። ጎኑን ብትተረትረው፣ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል፤ በማይታጠፉ ጣቶች የታጠፈ። እንደ ልማዳቸው፣ እንዳታፍር ሳይነግሯት። ይኸው ለብሳዋለች፤ ልኳ ነው።

ከዚህ ስትወጡ መቼም ማውራታችሁ አይቀርም፤ ኮርተው አያውቁም ብላችሁ አውሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይጠብ ቦታ ያኑርልን።