እማዬ እንግዳ የሆነችበት ቤት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብ ሕመምህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እያጎበጠህ ነው? ሥራውስ፣ የአለቃህስ ጠባይ? እንቅልፍህስ ይበቃሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ላውንደሪው ውስጥ ከካውያዬ ጋር አብሬ እየጋልኩ አለሁ። እማዬም አለች፣ ደረቷ ግን እንዳለ ነው። የምጽፍልህ ስለ እሱ ነውና ረጋ ብለህ አንብበው።

አንተ ከሄድክ በኋላ የገባንበት ምድር ቤት ግድግዳው ክረምት ከበጋ ያልበዋል። እማዬ አልጋ አጠገብ ያለው ሻግቶ ጠቁሯል። ሐኪሙም ከዚህ ቤት ካልወጣች መድኃኒቱ ከንቱ ልፋት ነው ብሎኛል። ለአከራያችን ሄጄ ብነግረው፣ መስኮት ክፈቱ አለኝ። መስኮት የሚላት ያቺን የመንገደኛ እግር ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ነው። ሸሚዙን የሚያስተኩሰው እኛ ዘንድ ስለሆነ የኮሌታውን እድፍ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ አነጋገሩ አልገረመኝም።

እዚህ የቤቶች ጽሕፈት ቤት የሚሉት አለ፤ ደመወዙ ለኪራይ ያልበቃውን ሰው ይረዳል። ደረቅ ቤት ይሰጥሃል፣ አንተ አቅምህን ትከፍላለህ፣ የቀረውን እነሱ ይሸፍናሉ። በማይረባ ቤት የሚኖሩ የታመሙ አረጋውያን ደግሞ ይቀድማሉ። ሲያወሩት እንዴት ያምራል መሰለህ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠውን ሰውዬ ባለጉዳይ ሁሉ «ነገ-ና» ይለዋል፤ ሌላ ስም ያለው አይመስለኝም። ስትጠይቀው ቀና ብሎ አያይህም፣ ሲመልስም ከኋላህ ላለው ሰው ይመስላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሱ ወንበር ላይ ሁለቱ ተገናኝተዋል። እንዲህም ሆኖ ተመላልሼ ተመላልሼ፣ ቤታችሁን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባልኩ።

ለእማዬ ነገርኳት። እናታችንን ታውቃታለህ፤ ለእሷ ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ገመና አያይም። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ምንጣፍና ወንበር ተዋሰች። በሻገተው ግድግዳ ላይ ከሣጥን ያልወጣውን ባለአበባ አልጋ ልብሷን ወጥራ ሰቀለችበት። አስፈቅጄ ስደርስ ተቆጣጣሪው በተዋሰችው ወንበር ላይ ተደላድሎ ሻይ ይጠጣል። ቤት እንዲመረምር የተላከ ሰው ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ እንኳን አልነካም። የሻጋታው ሽታ እኔን ከደረጃው ላይ ሲቀበለኝ፣ እሱ አፍንጫውን ለጌጥ የያዘው ይመስል ክፍሏ ደስ ትላለች እያለ ያመሰግናታል። አልጋ ልብሱን ልገልጠው እጄን ስሰድ እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን እጄን ሰበሰብኩ። ሰውየው እስኪወጣ ድረስ አንዴም አልሳለችም። አፏን በሻርፕዋ ይዛ ሳሏን ስትውጠው ፊቷ ይጠቁር ነበር። በሩ ሲዘጋ አልጋው ላይ ተደፍታ የሳለችውን ሳል አልነግርህም።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ተቆጣጣሪው ሊሄድ ሲል እዚህ ማን ማን ይኖራል ብሎ ጠየቀ። እማዬም አፏን ሞልታ፣ እኔ እንኳን ለጥየቃ ነው የመጣሁት፣ የምኖረው ወንድ ልጄ ዘንድ ነው፣ ሰፊ ቤት አለው አለችው። የምትኖረው እዚሁ ከእኔ ጋር ነው ብዬ ብከራከረው፣ እናትሽ ይዋሻሉ ወይ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ሻይ በኋላ የጻፈው ነገር ይሄው ብቻ ነው። የመጣልን መልስም፣ አመልካቿ በጥሩ ቤት ብቻዋን የምትኖር ጤነኛ ሠራተኛ ስለሆነች ተራዋን ትጠብቅ ይላል። ነገ-ና ዘንድ ሄጄ ጮኽኩበት። ቤቱ እንደገና ይታያል፣ ግን ልጅየው እናቱ እሱ ዘንድ እንደማትኖር፣ የሚያስጠጋበት ቤትም እንደሌለው ጽፎ ይፈርም አለኝ። ይህ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልደረሰው ጉዳያችን ይዘጋል፤ እማዬም መጪውን ክረምት እዚሁ ግድግዳ ሥር ትተኛለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያን ሰፊ ቤት እማዬ ያገኘችው ከደብዳቤዎችህ ነው። በየጊዜው አንድ ክፍል ትጨምርበታለህ፤ ሳሎኑ፣ በረንዳው፣ በር የሚከፍተው ዘበኛ። የማነብላት እኔ ነኝና ምላሴ ደከመው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ባለፈው አንተ ዘንድ አድሮ ሲመጣ ሁሉንም ነግሮኛል። ከሦስት ሰዎች ጋር በአንዲት ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ እንደምትተኛ አውቃለሁ። ክፍል መጋራት ነውር አይደለም፣ እኛም የምንኖረው ያው ነው። እኔ ሻጋታ ስፍቅ አንተ በረንዳዬ ላይ ነፋስ እቀበላለሁ ብለህ መጻፍህን ግን ንቄዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ተቆጣጣሪው ያለውን ግድግዳ ማየት አቃተው፤ አንተ ደግሞ የሌለውን አቆምክልን። ሁለታችሁም እናቴን እዚህ አስቀራችኋት።

እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ እማዬ አጠገቤ መጥታ፣ ለእሱ ከሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አለች። ሾፌሩ የነገረኝ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። መዝለሌን ወዲያው አወቀችና፣ ቤት እንደሌለህ ገና ከመጀመሪያው ደብዳቤህ እንደተረዳች ነገረችኝ። ቤት ያለው ሰው ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ያማርራል እንጂ ስለ በረንዳው አያወራም አለች። ታዲያ ለምን ለሰውየው እንዲያ አልሽው ብላት፣ ልጄ ቤት አለው ብዬ አንድ ቀን ለባዕድ መናገር አምሮኝ ነው አለችኝ። ንዴቴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ የተባልከውን ጽፈህ ፈርምና በዚሁ በሾፌሩ እጅ ላክ። ደግሞ አታሳምረው።

ከላይህ ለሚተኛው አናጺ፣ ሲያንኮራፋ ያድራል ለተባለው ወጥ ሠሪ፣ እንዲሁም ሾፌሩን አልጋውን ለቆ ላሳደረው ሽማግሌ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ለዘበኛህ ሰላምታ የለኝም። ልብስ ሰፊዋም ሰላም በይልኝ ብላለች። እማዬ ግንባርህን ትስማለች፤ ወረቀቱ ሲመጣም ለነገ-ና የምሰጠው እኔ ራሴ ነኝ ብላለች። እዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት ቆማ፣ ልጄ ቤት የለውም ብላ በገዛ አፏ ልትነግረው ነው። መጻፉ የከበደህ እንደሆነ እሱን አስብ።

እህትህ

ከምድር ቤቷ፣ ግንቦት 19 ቀን