በሽተኞቹን ከእንግዳ ደበቅናቸው

የልቤ ሰው የሺ፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት፤ አንቺ ባለሽበት ተስቦም ኮሚቴም የለም፤ ደህና ነሽ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ንዴቴን የምነግረው ሰው ደግሞ ጊንጪ ውስጥ አጣሁ፤ ግማሹ አብሮኝ ያጠፋ ነው፣ ግማሹን ይሉኝታ ይዞታል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልሽ። ልጃችን ዘነበች አምቦ እኅቴ ዘንድ ሆና ትማራለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ በአውቶቡስ ትመጣና ወጥ ሠርታልኝ ትመለሳለች። ጨው እንደ ድሮው ታበዛለች፤ አልነግራትም። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። እኔ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው፤ ያንቺን ወገን አልነካሁትም።

ክሊኒኩ ግን እንደተውሽው ነው። በቦታሽ ታደሰ የሚባል ድሬሰር መጥቷል፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፤ ትጉህ ነው፤ ግን ትጋት ግድግዳ አይሆንም። መጥረቢያ እግሩን የቆረጠውም፣ ምጥ የያዛትም፣ በትኩሳት የሚንቀጠቀጠውም ዛሬም በአንዲቱ ክፍል፣ በአንድ ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ተስቦው ያገኘሽ እዚያ መሆኑን እኔም የክሊኒኩ ኮሚቴም እናውቃለን። ስለዚህ አንቺን ከቀበርን በኋላ ለትኩሳት በሽተኞች የተለየ ክፍል ይሠራ ብለን ወሰንን። ጸሐፊው እኔ ነኝና ማመልከቻውን ጽፌ መድኃኒት ለሚልክልን ለባሕር ማዶው የምእመናን ማኅበር ላክሁ። ርዳታውን ከመፍቀዳችን በፊት ሁለት ሰዎች መጥተው ክሊኒኩን ያያሉ የሚል መልስ መጣ።

ጉዱ ከዚህ ይጀምራል። ሰብሳቢያችን ቀኛዝማች፣ እንግዳ ፊት ባዶ መሶብ አይቀርብም አሉ። በእግዚአብሔር ስም ባሕር ተሻግሮ ለመጣ ሰው ቅማልና መግል እናሳያለን ወይ ሲሉ ሁላችንም አይገባም አልን። እኔም አልኩ፣ የሺ። ግድግዳውን ኖራ ቀባን፤ በገዛ እጄ ነው የቀባሁት። ሰሌኑን ጠቅልለን ጓሮ ጣልነውና ከቡና ቤቱ አራት አልጋ ከነነጭ አንሶላው ተዋስን። የመድኃኒቱ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረን ያለቁት ጠርሙሶች ታጥበው ከፊት ተደረደሩ። በሽተኞቹን ደግሞ ከነገ ወዲያ ኑ ብለን አሰናበትናቸው።

መሄድ ያልቻሉት ኦቦ ገመዳ ብቻ ነበሩ። ጭልሞ ጫካ ግንድ ሲፈልጡ መጥረቢያ ጉልበታቸውን ያገኛቸውን፣ አንቺ ስታክሚያቸው የነበሩትን ሽማግሌ ማለቴ ነው፤ ቁስሉ አገርሽቶባቸዋል። እስከ ማታ ከአጥሩ ኋላ ይቆዩልን ብለን ለመንናቸው። «ቶሌ፣ እሺ» አሉና በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ።

ያን ጊዜ እንኳ አንቺ ትዝ ልትይኝ ይገባ ነበር። የአውራጃው ሹም ሊጎበኝ የመጣ ዕለት እኚሁ ኦቦ ገመዳ ደጃፉ ላይ ተኝተው ሹሙ ተራምዷቸው አልነበር የገባው? ቤት ስንገባ አዋረድሽን ብዬ ጮኽኩብሽ። በሽተኛ ማየት ካስጠላው ሠርግ ቤት ይሂድ ብለሽኝ ሁለት ቀን አኮረፍሽኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ አገሩን ሁሉ ስትመክሪ የኖርሽበትን ቤት ነው እኛ በኖራ የደበቅነው።

እንግዶቹ መጡ፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነርስ፣ ከአስተርጓሚ ጋር። ሴትዮዋ አልጋውን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ አየችና በሽተኞቹ የት አሉ ብላ ጠየቀች። ቀኛዝማች ደረታቸውን ነፍተው፣ በእግዚአብሔር ቸርነት አገሩ ጤና ነው አሉ። ከዚያ በግ ታርዶ ነበርና ማዕድ ቀረበ። በሉ፣ አመሰገኑ፣ ሳይመሽ በመኪናቸው ሄዱ። በእነሱም ተናድጃለሁ! የሰው ችግር በግማሽ ቀን፣ ያውም በምሳ ሰዓት ይታያል? አጥሩን ዞር ቢሉ ኦቦ ገመዳን ያገኟቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤያቸው መጣ። በጊንጪ ባዩት ሥራ እጅግ ተደስተዋል። አልጋው በቂ፣ መድኃኒቱም የተሟላ ስለሆነ ርዳታው ይበልጥ ለተቸገረ፣ ከባኮ ወዲያ ላለ ክሊኒክ እንዲሰጥ ወስነዋል። ቀኛዝማች ስስታሞች ናቸው አሉ። ቄሱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉ። እኔ የእኛ ፈቃድ ነው አልኩና ወጣሁ።

የሺ፣ ከዚህ የባሰውን እስካሁን አልነገርኩሽም። ማዕድ ላይ ሳለን ሴትዮዋ ስምሽን ጠርታ፣ ስለ መድኃኒቱ የምትጻጻፈኝ የሺ የት ናት አለች። በማመልከቻው ላይ ሞትሽን አልጻፍኩም ነበር፤ በሐዘኔ የምለምን መስሎ ተሰምቶኝ ነው። አሁን ደግሞ እንግዳ እየበላ መርዶ አይነገርም ብዬ፣ ደህና ናት፣ ለማርያም አዲስ ዓለም ወርዳለች አልኳት። ደስ ብሏት ካመጣችልሽ ነጭ ሽርጥ ጋር ሰላምታዋን ተወችልኝ። ሽርጡ ሣጥኔ ውስጥ ነው። ሌላውን ሁሉ በኮሚቴ ነው ያጠፋነው፤ ይህን ግን ብቻዬን ነው ያጠፋሁት።

ትናንት አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። የተዋስነውን አልጋ፣ ባዶውን ጠርሙስ፣ ከአጥር ኋላ የዋሉትን ኦቦ ገመዳን አንድ ሳላስቀር አሰፈርኩ። ቀኛዝማች የከተማውን ገበና አላወጣም ብለው ማኅተም ከለከሉኝ፤ ያለማኅተም በስሜ ፈርሜ ዛሬ አምቦ ሄጄ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። ቢመለሱ ሰሌኑ ላይ ነው የማስቀምጣቸው።

ሌሎች ሙታናቸውን በተዝካር ያስባሉ፤ እኔም አውጥቻለሁ። ከእንግዲህ ግን የማስብሽ በሌላ ነው። ስላንቺ የሚጠይቀኝ ሰው እየበላም ቢሆን፣ እንግዳም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን፣ የሺ ሞታለች እለዋለሁ። በተስቦ ሞተች። ሁለተኛ ክፍል ስላልነበረን ሞተች።

ባልሽ