ዜማው ከስኮትላንድ፣ ግጥሙ ከማናሴ

ወንድማችን ማናሴ ምሕረቱ ከአባታቸው ከአቶ ምሕረቱ ኤርሲዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ አለምወርቅ ላፌቦ በ1969 ዓ.ም. ሆሳዕና አቅራቢያ ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማሩትም እዚያው ሆሳዕና ነው።

በ1996 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ መጥተው፣ ታላቅ ወንድማቸው ታምሩ ካትሌሆንግ ሰፈር በከፈቱት ስፓዛ፣ ማለትም በትንሿ የሰፈር ሱቅ፣ መሥራት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ለንግድ አልተፈጠሩም፤ ቤት የሚመታ ቃል ሲፈልጉ ስኳር ለጠየቀ ጨው የሰጡበት ቀን ብዙ ነው። ደንበኞቻቸውም እየሳቁ ይመልሱላቸው ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፊቤ ጋር ተጋብተው ዝማሬንና ማራናታን ወለዱ። ትሮይቪል በሚባል ሰፈር ቤት የተከራዩት ሚስስ ኤልስፔት ከሚባሉ ስኮትላንዳዊት አሮጊት ግቢ ነበር። ሴትዮዋ የአገራቸውን የጥንት ዜማ በአኮርዲዮን ሲጫወቱ ቢሰሙ፣ ይህማ የኛው ቅኝት ነው ብለው ብዕር አነሡ። ለሠላሳ አንድ ዜማዎች አዲስ የአማርኛ ግጥም ጻፉ። አብዛኛው መዝሙር ነው፤ ለወይዘሮ ፊቤ የጻፏቸው ሦስቱ ግን ያለ እሳቸው ፈቃድ አይነበቡም።

ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ጉባኤው ሲዘምረው መስማት። በ2010 ዓ.ም. መዘምራን የመጀመሪያውን ሲጀምሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑት ወንድማቸው ታምሩ ዜማውን ዐወቁት። በሚስስ ኤልስፔት የልደት ግብዣ ሲጨፈርበት አይተዋል። የጭፈራ ዜማ እግዚአብሔር ቤት አይገባም ብለው መሃል ላይ አስቆሙት። ወንድማማቾቹ ሱቅ ለይተው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያመለኩ ሰባት ዓመት ተኳረፉ። እኛም፣ ጌታ ይቅር ይበለን፣ ያልፋል እያልን ዝም አልን። ማናሴ ግን መጻፋቸውን አልተዉም።

በጉሮሮ ካንሰር ታመው ድምፃቸው ጠፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ሲቀራቸው ታምሩ ሆስፒታል መጡ። ማናሴ ያን የተቋረጠ መዝሙር ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጧቸው።

ደጃፉ ቢርቀኝ፣ እግሬም ቢዘገይም፣
የጠራኝ ጌታዬ ከበሩ አይለይም።

ታምሩ ማንም ሳያስጠናቸው እስከ መጨረሻው በዜማው ዘለቁት። ማናሴም፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያውቁት ነበር እንዴ?» አሏቸው።

«አንድም ቀን ከልቤ ወጥቶ አያውቅም» አሉ ታምሩ። አለቀሱም፤ እኛም አለቀስን።

ማናሴ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን፣ ወንድማቸውንና ይህን የጻፈችውን እህታቸውን ጽጌሬዳን ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለእኛም ብርታቱን ይስጠን።

አሁን አስከሬናቸው ወደ ሆሳዕና ከመሸኘቱ በፊት ሽማግሌ ታምሩ መዝሙሩን ያስጀምሩናል። ልቅሶ የመጣበት ያልቅስ፤ መዝሙሩን ግን ማንም አያቋርጠው።